እባጭ ያለበት እንስሳ ፔካ 12 ከመድረሱ በፊት፦ ቀዶ ሕክምናው፣ የህመም ማስታገሻውና ሂሳቡ

አንድ ማለዳ ፔካ 12 ላይ የቆመ የግመል ጭነት እንዳይ ተጠራሁ። ነጋዴው ከባቢሌ ገበያ የገዛቸውን ግመሎች ወደ ዳመርጆግ ኳራንቲን እያደረሰ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ወንድ ግመል አንገቱ ከደረቱ በሚገናኝበት ላይ ብርቱካን የሚያህል እባጭ አለው። ነጋዴው እባጩን ሲገዛም አይቶታል። ደላላው «የእሾህ ነው፣ ይጠፋል» ብሎት ትንሽ ዋጋ አስቀንሶ ወሰደው። እኔ ስደርስ ረዳቱ «ፍተሻ ላይ እንዳይታይ» ብሎ በምላጭ ከፍቶት ነበር። መግሉ በመኪናው ወለልና አጠገቡ በተንበረከኩት ግመሎች ላይ ፈሷል። ግመሉ ይጮሃል፣ መኖ አይነካም፣ ዝንቡ ቁስሉን ወርሮታል።

«ዶክተር፣ አሁን ምን ይሻላል?» አለኝ ነጋዴው።

የሚሻለው ነገር ያለፈው ከሳምንታት በፊት፣ ገና ባቢሌ ላይ ነበር። ግመሉ ፍተሻውን አላለፈም። አጠገቡ የነበሩትም ለብቻ ተለይተው ቆሙ። በመጨረሻ ነጋዴው ካሰበው ዋጋ ከግማሽ በታች ለከተማው ሥጋ ሻጭ ሰጠው።

እንዲህ ያለውን ነገር ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። እባጭ ስናይ ምንነቱን እንዴት እንለያለን? መቆረጥ ካለበት ቀዶ ሕክምናውና ህመም ማስታገሻው ምን ይመስላል? ሂሳቡስ የሚያዋጣው ለየትኛው እንስሳ ነው?

እባጭ ሁሉ አንድ አይደለም

ነጋዴ ሁሉንም «እባጭ» ይለዋል። ሐኪም ግን ቢያንስ በአምስት ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ የሚደረገውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መግል የቋጠረ እባጭ ነው። ሲነካ ይሞቃል፣ ያማል፣ ሲበስል መሃሉ ይለሰልሳል። ከእሾህ፣ ከመዥገር ንክሻ ወይም በቆሻሻ መርፌ ከተሰጠ መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። በበግ፣ በፍየልና በግመል ላይ ግን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ዓይነት አለ። ንፍፊቶቹ፣ ማለትም መንጋጋ ሥር፣ ከጆሮ በታች፣ ትከሻ ፊትና ከጉልበት በላይ ያሉት እጢዎች፣ ወፍራም እንደ አይብ ያለ መግል ይቋጥራሉ። ይህ ተላላፊ ነው። የፈሰሰው መግል በአፈርና በበረት እንጨት ላይ ለወራት ቆይቶ ሌላውን እንስሳ በጭረት በኩል ይይዛል። ፔካ 12 ላይ ያየሁት ግመል የዚህ ዓይነት ነበር።

ሁለተኛው ደም ወይም ውሃ የቋጠረ ነው። መኪና ላይ የተጋጨ ወይም በቀንድ የተወጋ እንስሳ በአንድ ቀን ውስጥ ለስላሳ እባጭ ያወጣል። አብዛኛው በራሱ ይመጠጣል። ቸኩሎ መክፈት ደም ያስፈስሳል፣ ንጹሑንም ወደ መግል ይለውጣል።

ሦስተኛው ቡአ ነው። በተለይ በጥጃና በግልገል እትብት ላይ የሚታየው እባጭ ውስጡ አንጀት ሊሆን ይችላል። በጣት ሲገፉት ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ቡአ ነው፤ ምላጭ ያስገባ ሰው እንስሳውን ገደለው ማለት ነው።

አራተኛው የቫይረስ በሽታ ነው። በወጣት ከብት ላይ የሚበቅለውና በግመል ጥጃ ከንፈርና አፍንጫ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይረግፋል። ላምፒ ስኪን የሚባለው የከብት በሽታና የበግና የፍየል ፈንጣጣ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ትኩሳት አለ፣ እባጩ አንድ ሳይሆን ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ መንጋው ውስጥ ሌሎችም ይታመማሉ። ሁለቱም ለመንግሥት የእንስሳት ጤና አካል ሪፖርት የሚደረጉ በሽታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ቀዶ ሕክምና አይወራም፤ ጭነቱ ይቆማል።

አምስተኛው እውነተኛ ዕጢ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜ አይሞቅም፣ ጠጣር ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሲነካ ላያም ይችላል። የዓይናቸው ዙሪያ ነጭ በሆነ ከብቶች ላይ የሚወጣው የዓይን ካንሰርና በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ቆዳ ላይ የሚበቅለው ሳርኮይድ ከዚህ ይመደባሉ። በፍየልና በበግም ፀሐይ በሚያገኘው ፀጉር አልባ ነጭ ቆዳ ላይ፣ በጆሮና ከጭራ ሥር ይወጣል።

እነዚህን በዓይን ብቻ ለይቶ መጨረስ አይቻልም። ሐኪሙ የሚጀምረው በቀላል ነገር ነው፤ ቆዳውን አጽድቶ በቀጭን መርፌ ከውስጡ ጥቂት ይስባል። መግል፣ ደም፣ ውሃ ወይም የሥጋ ሕዋስ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል። ይህ ምርመራ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጊዜ አይፈጅም። ተላላፊ መግል የሚጠረጠርበት ላይ ግን መርፌው የወጋበትን ቦታ ማጽዳትና መርፌውን መጣል ግዴታ ነው። የዕጢው ዓይነት በእርግጠኝነት እንዲታወቅ ካስፈለገ ከሥጋው ቁራጭ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትገዙ፣ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚታወቅ ቦታ ነው።

ከመኖ መጋዘን ድመት የተማርነው

ፔካ 12 ላይ ያሉት የመኖ መጋዘኖች ያለ ድመት አይውሉም። አይጥ ፉርሽካውን ይጨርሰዋል፣ ጆንያውን ይበሳል። አንድ የማውቀው የመጋዘን ባለቤት ድመቱ ትከሻና ትከሻዋ መሃል እባጭ አውጥታ ነበር። አማት መስሎት ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል በወተት ሰጣት። በማግስቱ ፊቷ አብጦ፣ ድዷ ቡናማ ሆኖ አገኛት። አልተረፈችም።

የገደላት እባጩ አይደለም። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያጠፋበት መንገድ በጣም ደካማ ነው። መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሶቿን ኦክስጅን እንዳይሸከሙ ያደርጋል። ለሰው አንድ ፍሬ የሆነው ለድመት ገዳይ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ለድመት አይሰጡም። ለአንዱ ፍጡር መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የድመት ሐኪሞች ግን ለእኛም የሚጠቅም ደንብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ድመቶች ክትባት በተወጉበት ቦታ ላይ ሳርኮማ የሚባል ክፉ የለስላሳ ሥጋ ዕጢ እንደሚያወጡ ተስተዋለ። የሚደርሰው በጥቂት ድመቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ክትባት ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች «3፣ 2፣ 1» የሚሉትን ደንብ አወጡ። መርፌ በተወጋበት ቦታ የወጣ እባጭ ከ3 ወር በኋላም ካለ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከመርፌው 1 ወር በኋላ እያደገ ከሄደ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሟላ እንኳ ሳይጠበቅ ናሙና ይወሰዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቢላዋው ነው። የዚህን ዓይነት ዕጢ ጫፍ ጫፉን ጠርበው ያወጡ ሐኪሞች በወራት ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ አዩ። ዕጢው በዓይን ከሚታየው አልፎ እንደ ሥር በሥጋው መሃል ይዘረጋል። ስለዚህ ዛሬ ዙሪያውን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጤናማ ሥጋ ጨምረው፣ ከሥሩም የጡንቻ ሽፋኑን አብረው ያወጣሉ። ለማዳን ከሁሉ የተሻለው ዕድል የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው። በከፊል ተቆርጦ የተመለሰ ዕጢ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከፋል።

ደንቡ ለድመት የወጣ ቢሆንም አስተሳሰቡን ለመንጋ መዋስ ይቻላል። በግዢ ቀን የእባጩን መጠን በጣት ለክታችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቀኑን ጻፉ። ከወር በኋላ ካደገ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ይመስላል

በሜዳ ላይ በደንብ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ንጽሕናና ቅደም ተከተል ግን ይጠይቃል። ሥራው ማለዳ ወይም ምሽት ላይ፣ ጥላ ሥር ይደረጋል። ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል አመንዣኪ ስለሆኑ በጎናቸው ተጋድመው ሲቆዩ ሆዳቸው ይነፋል፣ የተመለሰ መኖም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ማደንዘዣ የሚሰጣቸው እንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ሰዓት ልክ ከመኖ ይከለከላሉ። በተቻለ መጠን ደግሞ ሳይጋደሙ፣ በደረታቸው እንደተንበረከኩ ወይም እንደቆሙ፣ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ይሠራል።

ፀጉሩ ይላጫል፣ ቆዳው ይታጠባል፣ በአዮዲን ይጸዳል። መግል የቋጠረ ከሆነ ሲበስል ብቻ ከታችኛው ጫፍ ይከፈታል፣ መግሉ በዕቃ ተይዞ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል፣ ውስጡ ይታጠባል፣ ቁስሉም ሳይሰፋ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲድን ይተዋል። ይህ ተላላፊ በሆነው ዓይነት ላይ ከሌሎች እንስሳት ርቆ፣ በጓንት ይሠራል፤ በሽታው አልፎ አልፎ ሰውንም ስለሚይዝ። ዕጢ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን ጤናማ ሥጋ ጨምሮ ይወጣል፣ የደም ሥሮቹ ይታሠራሉ፣ ቁስሉ በየድርቡ ይሰፋል።

በፈረስና በአህያ ሳርኮይድ ላይ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ብዙው በወራት ውስጥ ይመለሳል። ከቢላዋው ጋር ቦታውን በብርድ ማቃጠል ወይም ሌላ ሕክምና ካልተጨመረ ለጋሪ ፈረሳችሁ የምታወጡት ገንዘብ ሊባክን ይችላል።

ስፌት የሚፈታው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የቆዳው ጥንካሬ ግን እስከዚያ ገና አልተመለሰም፤ መኪና ላይ በግፊያ ይከፈታል። የእኛ አገር ዋና ጠላት ደግሞ ዝንብ ነው። ትኩስ ቁስል ላይ እንቁላል የሚጥሉ፣ ትላቸው ሕያው ሥጋ የሚበላ ዝንቦች በአፍሪካ ቀንድም በዓረብ ልሳነ ምድርም አሉ። ቁስሉ በየቀኑ ካልታየና ዝንብ የሚከላከል መድኃኒት ካልተቀባ፣ ቀዶ ሕክምናው ያዳነውን ትሉ ይወስደዋል።

ህመም ማስታገስ ለምን ያዋጣል

«እንስሳ ይችላል» የሚል አባባል በየበረቱ እሰማለሁ። እንስሳ ህመሙን ይደብቃል እንጂ አይችለውም። ጥርሱን ያፋጫል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ማመንዠክ ያቆማል። ያላመነዠከ እንስሳ ክብደት ይጥላል፣ መኪና ላይም ቀድሞ የሚወድቀውና የሚረገጠው እሱ ነው። ለነጋዴ ህመም ማለት በኪሎ የሚመዘን ኪሳራ ነው።

የህመም ማስታገሻ ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛው ቦታውን ማደንዘዝ ነው። ሊዶካይን 2 በመቶ በእባጩ ዙሪያ ይወጋል፣ በጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። በዕጢው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ነው የሚወጋው። በፍየልና በበግ ላይ መጠኑ ይጠበቃል፤ ከበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያቆማል። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ብንወስድ፣ 30 ኪሎ ለምትመዝን ፍየል 150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ2 በመቶው 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ብዙ ሐኪሞች ለትንንሽ እንስሳት በንጹሕ ጨዋማ ውሃ አቅጥነው ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው ማረጋጊያ ነው። በየፋርማሲው የሚታወቀው ዛይላዚን ነው። ከብት ከፈረስ መጠን አንድ አሥረኛው ይበቃዋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው በፈረስ መጠን ሰጥቶ በሬ ይገድላል። ፍየልና በግም ለእሱ ስስ ናቸው። ለመውለድ ለቀረበች ላም አይሰጥም፣ ማህፀን ያኮማትራል። የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሚያዛባም በጅቡቲ የቀትር ሙቀት ላይ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሮ እስከ ቀጣዮቹ ቀናት ህመምና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ሜሎክሲካም ለከብት በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘ ጠርሙስ ከሆነ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከመቁረጥ በፊት ሲሰጥ ከተቆረጠ በኋላ ከመስጠት ይሻላል፤ ህመሙ ከመነሣቱ በፊት ይቀድመዋልና። እነዚህ ቁጥሮች ሐኪማችሁን ለመጠየቅ እንዲረዷችሁ የቀረቡ ናቸው፤ መርፌውን በራሳችሁ እንድታነሡ አይደለም።

ሁለት መድኃኒቶችን ግን ከበረታችሁ አርቁ። ፌኒልቡታዞን ለሥጋ በሚታረዱ እንስሳት ላይ በአውሮፓ ኅብረት የተከለከለ ነው። ዲክሎፌናክ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በሕንድና በጎረቤቶቿ ለከብት በሰፊው ይሰጥ ነበር። የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ አለቁ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፉ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፣ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉ። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ ሬሳው ለባዘኑ ውሾች ቀረ። በእኛ መንገድ ከሚሌ እስከ ጅቡቲ በየመንገዱ ዳር የሚሞተውን እንስሳ የሚያነሡት እነዚሁ ወፎች ናቸው። ሜሎክሲካም እነሱን እንደማይጎዳ ተረጋግጧል።

የመጠበቂያው ቀን

ህመም ማስታገሻ የሚሰጥ ነጋዴ አንድ ዋጋ ይከፍላል፤ ጊዜ። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ እንስሳው አይታረድም። በአውሮፓ በተመዘገበው መለያ ላይ የከብት ሜሎክሲካም መጠበቂያ ለሥጋ 15 ቀን፣ ለወተት 5 ቀን ነው። ከቀዶ ሕክምና ጋር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ለሥጋ 28 ቀን የሚጻፍበት ምርት አለ። ሁለቱ አብረው ከተሰጡ የሚቆጠረው ረጅሙ ነው። መለያው ላይ የሌለ እንስሳ ከሆነ፣ ግመል ብዙ ጊዜ የለም፣ ሐኪሙ ከዚያ የረዘመ ቀን ይወስናል።

ለእያንዳንዱ የታከመ እንስሳ አንድ ወረቀት ያዙ። የጆሮ ቁጥሩ ወይም ምልክቱ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ቀን፣ መታረድ የሚችልበት ቀንና የሐኪሙ ፊርማ ይኑርበት። ገዢው ሲጠይቅ የምታሳዩት ይህን ነው።

ሕጉና የዐረፋ ገበያ

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በየብስ ስለሚጓዙ እንስሳት ባወጣው ደንብ፣ ከቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የቀረ ያልዳነ ቁስል ያለበት እንስሳ ለጉዞ ብቁ አይደለም። ስለዚህ ዕጢው የተቆረጠለት እንስሳ ከስፌቱ ጋር መኪና ላይ ሲወጣ ለምርመራ ብቻ ሳይሆን ለጉዞም ብቁ አልሆነም ማለት ነው።

የተቀባይ አገር ጥብቅነትም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ገብቶ ሰው ገደለ፤ ያኔ የመጣው የእንስሳት እገዳ የአካባቢያችንን ነጋዴ ለዓመታት ጎድቷል። የዳመርጆጉ ኳራንቲን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረውም ይህን እምነት ለመመለስ ነው። መርማሪው የዕጢን ዓይነት አይለይም፤ የሚያየው እባጭ ነው። ለዐረፋ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ገዢውም ይመረምራል። በሽታው የሚታይ፣ የሚያነክስ ወይም የከሳ እንስሳ ለመሥዋዕት አይሆንም።

ሂሳቡ

ለመቁጠር እንዲቀል ጤናማዋን ፍየል በገዛችሁበት ገበያ 100 እንበላት። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ በራሳችሁ ገበያ ተኳቸው።

እባጭ ያለባትን ፍየል እዚያው ለአገር ውስጥ ቄራ ብትሸጡ 75 ታገኛላችሁ እንበል። ብትጭኗት የመንገድና የኳራንቲን ወጪ 25 ነው። ካለፈች 150፣ ካልፈለገቻት ፍተሻው ፔካ 12 ላይ በግድ ሽያጭ 60 ታወጣለች። ከአምስት አራቱ እድል መውደቅ ከሆነ፣ በአማካይ የምታገኙት 78 ነው፣ ወጪውን ስትቀንሱ 53 ይቀራል። እዚያው ቤት መሸጥ በ22 ይበልጣል። የመውደቅ እድሉ ከግማሽ ትንሽ ካለፈ ጀምሮ መጫን ኪሳራ ነው።

ይህ ግን የአንዷ ፍየል ሂሳብ ብቻ ነው። በእሷ ምክንያት 200 ፍየሎች አንድ ቀን ቢቆሙ፣ የእያንዳንዷ የቀን መኖና ውሃ 0.5 ቢሆን፣ ወጪው 100 ይሆናል። አንድ ቀን መዘግየት አንዲት ሙሉ ፍየል በላ ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናስ? ግመልን እንውሰድ። ጤናማው 100፣ እባጭ ያለበት 70 ነው እንበል። ሐኪሙና መድኃኒቱ 6፣ ለስድስት ሳምንት በቀዬው ማቆየት 8 ይሁን። ከአምስት አራቱ ድኖ 100 ያወጣል፣ አንዱ ዕጢው ተመልሶበት 50 ያወጣል። አማካዩ 90 ነው፣ ወጪው ሲቀነስ 76። ከ70 ይበልጣል፣ ያዋጣል።

ለፍየል ግን አያዋጣም። የሐኪሙ ድካምና ጓዝ በእንስሳው ልክ አያንስም። ግመል 10 ፍየል ያወጣል ብንልና የፍየሏ ቀዶ ሕክምና የግመሉን ግማሽ ቢጠይቅ፣ ከፍየሏ ዋጋ 30 ይወስዳል። ከ90 ላይ 30ና ማቆያውን 8 ስትቀንሱ 52 ይቀራል፤ እንዳለች ስትሸጧት ከምታገኙት 75 ያንሳል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ለግመል፣ ለሚደለብ በሬ፣ ለወተት ላም፣ ለዘር እንስሳና ለጋሪ ፈረስ ነው። በግና ፍየል ተለይተው ወደ አገር ውስጥ ቄራ ይሂዱ። ለዘር የያዛችኋት ምርጥ ፍየል ካለች ሂሳቡ ይለወጣል።

በተላላፊው መግል ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጨመራል፤ አንዱን አድናለሁ ብላችሁ በረቱን ብታበክሉ የሚከፍለው ቀጣዩ መንጋችሁ ነው።

ከመጫን በፊት፣ ከደረሱም በኋላ

በግዢ ቀን እያንዳንዱን እንስሳ በእጃችሁ ዳስሱ። መንጋጋ ሥር፣ ትከሻ ፊት፣ ከጉልበት በላይ፣ እትብትና ጡት፣ ዓይንና ጆሮ። እባጭ ያለበትን ለብቻ አቁሙ። ትኩሳት ካለ ወይም ከአንድ በላይ እንስሳ ላይ ካያችሁ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። የሚቆረጠውን ከመጫኛው ቀን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት አስቆርጡ። ያኔ ቁስሉም ይድናል፣ የመጠበቂያው ቀንም ያልፋል፣ ዕጢው ቶሎ የሚመለስ ከሆነም አገር ቤት እያለ ይታያል።

እባጩን ያያችሁት ፔካ 12 ላይ ከሆነ ግን ምላጭ አትንኩ። እንስሳውን ወደ ጥላ አውርዱ፣ ከሌሎቹ ለዩት፣ ውሃ ስጡት፣ ለሐኪም ደውሉ። ስለ እባጩ ለኳራንቲኑ ቀድማችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ሳይፈርጥ የተነገረ እባጭ አንድ እንስሳ ያስቀራል። ፈርጦ የተደበቀው ግን ጭነቱን ሁሉ ያስቆማል።

ያ የባቢሌ ነጋዴ ከዚያ ወዲህ ሲገዛ አብሮት የሚሄድ አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ይዟል። ባለፈው ስንገናኝ ሁለት ግመሎች ባቢሌ ላይ ትቶ እንደመጣ ነገረኝ። አንዱ ተቆርጦለት ሣር እየጋጠ ነው፤ ሌላው መግል ስለነበረው እዚያው ተሽጧል። መኪናው ላይ የነበሩት ግመሎች በሙሉ በዚያኑ ዕለት ወደ ዳመርጆግ አለፉ።